ዘር ቆጠራ

ሁለት ቀንበጥ ይዞ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
ኮራዶ ገባብኝ፣ ዝናቡን ተከትሎ።
አንዱ ላይ ቀይ፣ አንዱ ላይ ነጭ ክር አድርጎ፣
ባርኔጣውን አወለቀ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ፦
«ዶቶረሳ፣» አለኝ (ዶክተር እንኳ አይደለሁም፣
እንጨት እየወቀጥኩ ነው የማድር፤ ግን አላረምኩትም)፣
«ቀዩ ከእኔ ማሳ ነው፤ ነጩ ከግንቡ ማዶ።
ንገሪኝ፣ ይህ መዓት ከየት መጣ ወርዶ?»

የማዶው የማን እንደሆነ አልነገረኝም፤
በአናፖ ወንዝ ዳር ግን ይህን የማያውቅ የለም፤
ጋስፓሬ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ በማክሰኞ የውኃ ተራ
ተጣልተው፣ አሥራ አንድ ዓመት፣ አንዱ አንዱን ሳይጠራ።
ነጩን ቀንበጥ በምን ሌሊት እንደቆረጠው
አልጠየቅሁም።

ደረቅ ሕመም ይሉታል የሲራኩዛ ሎሚ ተካዮች፤
ስሙን ሲያነሱ ድምፃቸው ይወርዳል፣
ሬሳ ያለበት ቤት እንደገቡ ሰዎች።
የካቲት ላይ በረዶ ይጥላል፣ ቅጠል ይበሳል፤
ፈንገሱ በዚያች ቁስል ሾልኮ፣
ግንዱ ውኃ በሚጠጣበት ጉሮሮ ይቀመጣል።
ላይ ላዩን ዛፉ ያብባል፣ ፍሬው ይንጠለጠላል፣
አላፊ አግዳሚው «እንዴት ያማረ ሎሚ!» ይላል።
ቅርፊቱን በቢላ ስትልጡት ግን እንጨቱ
እንደ ሳልሞን ሥጋ ቀልቷል፤ ያ ነው ምልክቱ።
ያ ሲታይ ደግሞ አልፏል ሰዓቱ።

እኔ የምፈልገው ከዚያ በፊት ነው፣ ሳይቀላ።
ቀንበጡን በናይትሮጅን አደረቅሁ፣ ወቀጥኩ፣
አጠብኩ፣ አሽከረከርኩ፣ አጠለልኩ፤
የተረፈችው ጠብታ እንባ አታህልም፣
የሎሚውም የፈንገሱም ዘር አለባት፣
ባለቤቱ ከእንግዳው በዓይን አይለይም።
ስለዚህ ማጥመጃ አለኝ፣ አጭር ክር፣
ማንንም የማይዝ ከዚያ ፈንገስ በቀር።
ማሽኑ ያግላል፣ ዘጠና አምስት፤ ዘሩ ይተረተራል፤
ያበርዳል፣ ስልሳ፤ ማጥመጃው ይነክሳል፤
አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት፣
አርባ ዙር፣
በየዙሩ አንዲት ጭል ጭል የምትል ብርሃን።
ብዙ ካለ ቶሎ ይበራል፤ ጥቂት ካለ ይዘገያል፤
ከሌለ ጨለማ ነው፣ መስመሩ እንደተጋደመ ያልቃል።
ዘር መቁጠር ለእኔ ይህ ነው፤
ከማን ተወለድክ አልልም፤
ማን አለብህ ነው የምለው።

ነጩ ክር በሠላሳ አንደኛው ዙር ነቃ።
ቀዩ በሃያ ሁለት፣
ቀድሞም እንዳልተኛ ሰው።
ሦስቴ ደገምኩት። ባዶ ውኃ ያለባት ቱቦ ጨለማ ናት፤
ስሕተት የለም።

ኮራዶ ወረቀቱን አዘቅዝቆ አየው፣ አቅንቶ አየው።
«ትንሹ ቁጥር ይሻላል?» አለ።
አይሻልም፤ ትንሹ ቁጥር ብዙ ማለት ነው።
«እንግዲያ የተነሣው ከእኔ ነው።»
ማሽኑ ያን አያውቅም፣ አልኩት፣ ስንት እንዳለ ይቆጥራል እንጂ
ማን እንደጀመረ አይመሰክርም።

ወንበር ሳልሰጠው ተቀመጠ።
መዳፉን ገልብጦ የእሾህ ጠባሳውን አፈጠጠ።
«አምና የቆረጥኩትን ደረቅ ጭራሮ ሁሉ
በግንቡ ላይ ወረወርኩት፤ ላናድደው፣ ይልቀመው ብዬ በሙሉ።»

ዝም አልኩ።
በደረቅ ጭራሮ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፣
የቁንዶ በርበሬ ብናኝ ይመስል፤
ዝናብ ሲነካው ዘሩን ይተፋል፣
ግንብ አያውቅም።
ልነግረው አፌን ከፍቼ መለስኩት፤
ዓይኑን ሳየው ያውቃል።

ተነሣ። ባርኔጣውን ደፋ።
«አንድ ቅጂ ጨምሪልኝ፣» አለ፣ «ፊደሉን አተልቀሽ፤
ጋስፓሬ እልኸኛ ነው፣ መነጽር አያደርግም።»

በመስኮት አየሁት። ሦስት እግሯን መኪና አስነሣ፣
ወረቀቱን ካፖርቱ ውስጥ፣ ከዝናብ ሸሽጎ።
የእሱ ቤት በስተቀኝ ነው።
መንታ መንገዱ ላይ ጥቂት ቆመ፣ ቆመ፤
ከዚያ የግራውን ፍሬቻ አበራ።